ሪዮ፤ አሸዋው በነፃ፣ ማራካና በትኬት

የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ቢጫው የብራዚል ማልያ በአዲስ አበባ ካፌና ታክሲ ውስጥ እንደ አገር ልብስ ይለበሳል። ፔሌ ሲጫወት ያልደረሰ ወጣት እንኳ ከማራዶና ጋር እያወዳደረ እስኪነጋ ሊከራከር ይችላል። ይህ ሁሉ ፍቅር እያለ ብራዚልን በእግሩ የረገጣት ግን ስንቱ ነው? መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ለዚህም ነው ዕድሉ የገጠመው የኳስ አፍቃሪ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ድረስ ሄዶ የተራራውን ሐውልትና የኮፓካባናን ማዕበል ፎቶ አንስቶ ብቻ ቢመለስ የሚያስቆጨው።

አሁን ደግሞ ጥሩ ምክንያት መጥቷል። ቀጣዩ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከሰኔ 17 እስከ ሐምሌ 18 ቀን 2019 ዓ.ም. በስምንት የብራዚል ከተሞች እንዲካሄድ ፕሮግራም ወጥቶለታል። ከስምንቱ አንዷ ሪዮ ስትሆን ሜዳውም ማራካና ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብራዚል ከ1941 እስከ 1979 ሴቶች ኳስ እንዳይጫወቱ በሕግ የከለከለች አገር ነበረች። በ2007 የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ፍፃሜ ግን ማርታና ጓደኞቿ አሜሪካን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ወደ 68 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ማራካና ገብቶ አጨብጭቦላቸዋል።

ሪዮ ውስጥ ኳስ ሁለት ቤት አላት። አንደኛው አሸዋው ነው፤ በር የለውም፣ ትኬት የሚጠይቅ የለም። ሁለተኛው ማራካና ነው፤ ድሮ የድሀው ሰው ቤት ነበር፣ ዛሬ ዋጋውም ፍተሻውም ጨምሯል። ሁለቱን ቤቶች በሰላም አይቶ ለመመለስ ግን ከአገር ሳይወጡ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ።

መንገዱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ብራዚል የሚበረው እስከ ሳኦ ፓውሎ ነው። ከሳኦ ፓውሎ ሪዮ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ በረራ አንድ ሰዓት ያህል፣ በአውቶብስ ደግሞ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። አውቶብሱ የሚነሳው ከቲየቴ መናኸሪያ ሲሆን የሚደርሰው ኖቮ ሪዮ ነው። ሪዮ ሁለት አየር ማረፊያ ስላላት ትኬት ሲቆረጥ ስሙን ማየት ይበጃል። ሳንቶስ ዱሞንት መሀል ከተማው አጠገብ ነው፤ ጋሌያዎ ግን ከመሀል ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው በቀን ቢገባ ይመረጣል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ብራዚል አዲስ አበባ ውስጥ ኤምባሲ ስላላት ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል። ቪዛው እጅ ሳይገባ የጨዋታ ትኬትና ሆቴል መክፈል ግን ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። አሜሪካ የሚኖሩና የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ኢትዮጵያውያንም «እኛን አይመለከተንም» ብለው እንዳይዘናጉ፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአሜሪካውያንም በኢንተርኔት የሚወጣ ቪዛ ግዴታ ሆኗል። የቢጫ ወባ ክትባት ቀደም ብሎ መውሰድና ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝም ከጣጣ ያድናል። የሪዮ የኤሌክትሪክ ኃይል 127 ቮልት ነው። የስልክ ቻርጀር አይቸገርም፣ ሁለት ክብ ጣት ያለው ሶኬትም ይገባል። ለ220 ቮልት ብቻ የተሠራ ካውያ ግን ባይያዝ ይሻላል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። ሪዮ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ይህ ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሪዮ ሲደርስ መነካት የለበትም! አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ሪዮ ላይ ከቀኑ 4 ሰዓት ነው፤ እነሱ 16፡00 ብለው የሚጽፉት መሆኑ ነው። ሌላው ዓለም ሰዓቱን ሲያዞር የሐበሻ ሰዓት ሳይነካ ልክ ይሆናል።

ወቅቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። የሴቶቹ የዓለም ዋንጫ የሚውልበት ጁንና ጁላይ የእነሱ ክረምት ነው። ክረምት ቢባልም ቀን ቀን ለባህር ዳርቻ የሚሆን ሙቀት አይጠፋም፤ ማታ ማታ ግን ስስ ሹራብ ያስፈልጋል። ፀሐይዋም በሪዮ ሰዓት ከ17፡15 እስከ 17፡30 ባለው ጊዜ ስለምትጠልቅ የባህሩ ቀን አጭር ነው።

አሸዋው

ኮፓካባና አራት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ አሸዋ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ኢፓኔማ፣ ከዚያ ሌብሎን ይመጣል። በብራዚል ሕግ ባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ ሆቴል አጥሮ «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። ሚሊየነሩም የጽዳት ሠራተኛዋም የሚተኙት በአንድ አሸዋ ላይ ነው። የሚከፈለው ለወንበር፣ ለጃንጥላና ለሚጠጣው ነገር ብቻ ነው። ታዲያ ከመቀመጥ በፊት ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አገሬውም ያደርገዋል።

አድራሻ የሚነገረው በ«ፖስቶ» ነው። ፖስቶ ማለት የነፍስ አድን ሠራተኞች ማማ ነው፤ ከኮፓካባና ጫፍ ከ1 ጀምሮ ሌብሎን ላይ 12 ይደርሳል። «ፖስቶ 9 እንገናኝ» ካሉ ኢፓኔማ ማለት ነው። ቀጠሮ የሚይዝም፣ የጠፋ ጓደኛ የሚፈልግም ቁጥሩን ማስታወስ ብቻ ይበቃዋል።

ኳሱ እዚህ ነው። በየቦታው ሁለት ጎል ተተክሎ፣ ባዶ እግር ከባዶ እግር ጋር ይገጥማል። በሌላ በኩል እጅ የተከለከለበት መረብ ኳስ አለ። በእግር፣ በደረትና በግንባር ብቻ የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ ፉቺቮሌይ ይባላል፤ በ1960ዎቹ የተፈጠረውም እዚሁ ኮፓካባና ላይ ነው። ውሃው ጠርዝ ላይ ደግሞ አራት አምስት ሆነው ኳሷን መሬት ሳያስነኩ የሚቀባበሉ ወንዶችና ሴቶች ይታያሉ፤ ስሙ አልቺኛ ነው። ሰው በሚበዛበት የቀን ሰዓት የውሃው ጠርዝ ላይ ኳስ መጫወት ገደብ ስላለው የሚደምቀው አመሻሽ ላይ ነው። የባህር ዳርቻ እግር ኳስም ቢሆን የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በ1995 ያካሄደው በዚሁ አሸዋ ላይ ነው። በ2005 ፊፋ ውድድሩን በስሙ ሲረከብ ኮፓካባና ላይ ዋንጫውን ያነሳችው ፈረንሳይ ነበረች፤ አሠልጣኟ ደግሞ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የማይረሳው ኤሪክ ካንቶና ነበር።

«ልግባ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፖርቱጋልኛ ባይችሉም ኳሷን አሳይቶ ፈገግ ማለት ይበቃል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በገንዘብ የሚያገኘው የለም።

ውሃው ላይ ግን ጨዋታ የለም። ዋና የለመደው ላንጋኖ ወይም ሶደሬ የሆነ ሰው አትላንቲክን በዚያ ሒሳብ እንዳያየው። ከላይ የተረጋጋ የሚመስለው ውሃ ከሥር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይል አለው። ቀይ ባንዲራ ከተተከለ አለመግባት ነው፤ ክርክር አያስፈልግም። ድንገት የተጎተተ ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው ለመመለስ ቢታገል ጉልበቱን ይጨርሳል። ወደ ጎን እየዋኘ ከጉተታው መውጣት፣ ካልሆነም እጅ አንስቶ መንሳፈፍ ይሻላል። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የእሳት አደጋ ጓድ አባላት ናቸው፤ የስልክ ቁጥራቸው 193 ነው።

የካታንጋ ወንድም

ማራካና በጁን 1950 ለዓለም ዋንጫ ተከፈተ። ከወር በኋላ ጁላይ 16 ቀን ኡራጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ትኬት የቆረጠው ተመልካች ብቻ 173,850 ነበር፤ ያልከፈለው ሲጨመር ወደ 200 ሺህ ይጠጋል ይባላል። በዲሴምበር 1963 ፍላሜንጎና ፍሉሚኔንስ ሲገናኙ የገባው 194,603 ሰው ነው። ሁለት ክለቦች፣ አንድ ከተማ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ! ፔሌ 1,000ኛ ጎሉ የተባለለትን ፍፁም ቅጣት ምት በኖቬምበር 19 ቀን 1969 ቫስኮ ዳ ጋማ ላይ ያስቆጠረውም እዚሁ ነው።

ያን ሁሉ ሰው ያስገባ የነበረው አንዱ ምሥጢር «ጄራል» የሚባለው ቦታ ነው። ጄራል ሜዳውን ዙሪያውን የከበበ፣ ወንበር የሌለው፣ ቆመው የሚያዩበት ሥፍራ ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ እይታው መጥፎ፣ ጭፈራው ግን የስታዲየሙ አንደኛ። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ላይ ኳስ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክቡር ትሪቡን የተቀመጠው ጨዋታውን ያያል፤ ካታንጋ ያለው ጨዋታውን ይኖረዋል። ጄራልም እንደዚያው ነበር። የቀን ሠራተኛው፣ ጥርሱ የወለቀው ሽማግሌ፣ ልዩ ልብስ ሰፍቶ የሚመጣው ቀልደኛ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ።

በ1992 በፍላሜንጎና በቦታፎጎ ጨዋታ የላይኛው ፎቅ አጥር ተሰብሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ደኅንነት ዋና ጉዳይ ሆነ፤ ተመልካች በወንበር ይቀመጥ የሚለው ሐሳብም አየለ። በ2005 ጄራል ለዘለዓለም ተዘጋ። ለ2014 የዓለም ዋንጫ ሲባል ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን ሪያል በላይ ወጥቶበት ስታዲየሙ ከውስጥ እንደ አዲስ ተሠራ። ዛሬ 78 ሺህ ያህል ወንበር አለው። ያማረ ነው፣ ጥላ አለው፣ ከየትም ቢቀመጡ ይታያል። ግን የጄራሉ ሰውዬ የት ገባ? ብዙው ቴሌቪዥን ፊት ቀርቷል፤ ኪሱ አይችልማ። ስታዲየም ሲታደስ አብሮ መታሰብ ያለበት ይህ ነው፤ ወንበር ሲገባ ማን እንደሚወጣ።

የዘንድሮው ትኬት ፊት ነው

በ2023 የወጣው የብራዚል የስፖርት ሕግ ከ20 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዙ ስታዲየሞች ሰውን በፊቱ ለይተው እንዲያስገቡ ያዛል። የተሰጠው የሁለት ዓመት ጊዜ ያለቀው በጁን 2025 ነው። ስለዚህ የክለብ ጨዋታ ለማየት የሚሄድ እንግዳ በክለቡ ይፋዊ የትኬት መሸጫ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የፊቱን ፎቶ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። በሩ ላይ ካሜራው ያየዋል፤ ካወቀው ያስገባዋል። የሌላ ሰው ትኬት ይዞ መግባት ማለት የሌላ ሰው ፊት ይዞ መግባት ነው። ከስታዲየሙ ውጪ «ትኬት አለ፣ ትኬት አለ» የሚለውን አሻጥረኛ የሚያምን ገንዘቡን አዋጥቶ ውጪ ይቀራል። ለዓለም ዋንጫው ደግሞ ትኬት የሚሸጠው ፊፋ ራሱ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ስሙን ማየት የግድ ነው። «ኖርቺ» ማለትም ሰሜኑ የፍላሜንጎ ዋና ደጋፊዎች ቦታ ነው፤ ከበሮውና ባንዲራው እዚያ አለ። «ሱል» ማለትም ደቡቡ የፍሉሚኔንስ ነው። «ሌስቺ» እና «ኦይስቺ» የሜዳውን ጎንና ጎን ይዘው የተሻለ እርጋታ አላቸው፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ቤተሰብ ይዞ የሄደ ወይም ገለልተኛ የሆነ እንግዳ እነዚህን ቢመርጥ ይሻለዋል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከኮፓካባናና ከኢፓኔማ በሜትሮ ተነስቶ ወደ ፓቩና የሚሄደውን ሁለተኛውን መስመር መያዝና «ማራካና» የሚባለው ጣቢያ ላይ መውረድ ነው። ማልያ የለበሰውን ሕዝብ መከተልም ይበቃል። ጭንቁ መመለሻው ነው። በሳምንቱ መሀል የሚደረጉ ጨዋታዎች 21፡30 ላይ የሚጀምሩበት ጊዜ አለ፤ ያበቁ ሲሆን እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ሜትሮው ደግሞ በአዘቦት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ፣ እሁድ ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል። ለጨዋታ ተብሎ የሚራዘምበት ቀን ቢኖርም ሲገቡ አረጋግጦ መግባት ነው። ካመለጠ ቢጫውን ታክሲ ወይም በስልክ የሚጠራውን መያዝ እንጂ በጨለማ በእግር መንከራተት አይመከርም።

ማልያ ማልበስና ማውለቅ

ኖቬምበር 2023 ላይ ፍሉሚኔንስ ከአርጀንቲናው ቦካ ጁኒየርስ ጋር ለኮፓ ሊበርታዶሬስ ፍፃሜ ሊገናኝ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮፓካባና በቦካ ደጋፊዎች ሰማያዊና ቢጫ ተሞልታ ነበር። በዚያ የደስታ አሸዋ ላይ ጠብ ተነሳ፤ ሰው ተደበደበ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በዚያው ወር ብራዚልና አርጀንቲና በማራካና ሲገናኙ ደግሞ የሁለቱ አገር ደጋፊዎች ተቀላቅለው በመቀመጣቸው ድብድብ ተነስቶ፣ ፖሊስ ዱላ አንስቶ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ጀመረ። ውጤቱ 1 ለ 0 ለአርጀንቲና ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ደሙን ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ማልያ ለእንግዳ ችግር የለውም። የክለብ ማልያ ግን እንደ ቦታው ነው። ወደ ሰሜኑ ጎን የፍሉሚኔንስን፣ ወደ ደቡቡ የፍላሜንጎን ለብሶ መሄድ «ኑ ምቱኝ» ማለት ነው። በደርቢ ቀን ለማንም ያልሆነ ቀለም ለብሶ መውጣት ፈሪነት ሳይሆን ብልህነት ነው።

ከስርቆትም መጠንቀቅ ነው። ወደ አሸዋው ሲወርዱ ፓስፖርትና ዋና ስልክ ሆቴል ይቀመጥ፤ ለቀኑ የሚበቃ ገንዘብና የፓስፖርቱ ኮፒ ይበቃል። ተንጋግተው መጥተው ከአሸዋው ላይ ያገኙትን ጠራርገው የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ አገሬው «አሃስታዎ» ይለዋል። ሲመሽ ደግሞ መብራት ወዳለበት የእግረኛ መንገድ መውጣት እንጂ ውሃው ዳር መንሸራሸር አይገባም። የፖሊስ ስልክ 190፣ የአምቡላንስ 192 ነው። ሌብሎን ውስጥ ለቱሪስቶች የተመደበ ፖሊስ ጣቢያ አለ።

አልማዝ የሮጠችበት ሜዳ

ሪዮ ማለት ማራካና ብቻ አይደለም፤ በተለይ ለኢትዮጵያዊ። በኦገስት 2016 አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር 29፡17.45 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው ኢንጄንያዎ በሚባለው ስታዲየም ነው። ይህ ሜዳ የቦታፎጎ ቤት ነው፤ ከአጠገቡ ኢንጄንዮ ዴ ዴንትሮ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ብር ሲያገኝ እጆቹን አጣምሮ የገባበት ሳምቦድሮም ደግሞ መሀል ከተማው አጠገብ ነው፤ የካርኒቫሉ ሰልፍ የሚያልፍበት ጎዳና መሆኑ ነው።

ታሪክ የሚወድ ደግሞ በ1927 የተከፈተውን የቫስኮ ዳ ጋማ ሜዳ ሳኦ ጃኑዋሪዮን አይቶ ይምጣ። በ1924 የሪዮ ትልልቅ ክለቦች ቫስኮን «ጥቁሮችህንና ድሆችህን አስወጣና እንቀበልሃለን» ሲሉት ክለቡ ተጫዋቾቼን አልሸጥም ብሎ በደብዳቤ እምቢ አለ። ሜዳውም የተሠራው ከደጋፊው በተዋጣ ገንዘብ ነው። ክለቡ ሜዳውን ለማስፋት ዕቅድ ስላለው ጨዋታ ከሆነ የሚፈለገው ቦታውን አስቀድሞ ማጣራት ያሻል።

ሆድና ኪስ

የኢትዮጵያ ብር ሪዮ ላይ አይመነዘርም፤ ዶላር ወይም ዓለም አቀፍ ካርድ መያዝ ነው። የአገሩ ገንዘብ ሪያል ነው። አሸዋ ላይ የሚዞር ሻጭ እንኳ የካርድ ማሽን ይይዛል። ካርዱ ከመነካቱ በፊት ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ደህና አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንድ ዜሮ በስህተት ትጨመራለች፤ አንዳንዴም ያለስህተት።

ምግቡ ለሐበሻ አያስቸግርም። ሩዝና ቦሎቄ በየቤቱ አለ። «ፖር ኪሎ» የሚባሉት ምግብ ቤቶች ሳህኑን መዝነው ስለሚያስከፍሉ የፈለጉትን ያህል አንስቶ መብላት ይቻላል። ቅዳሜ የሚበላው ዝነኛው ፌይጆዋዳ ግን የአሳማ ሥጋ ስላለበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳያውቅ እንዳይዘው። አሸዋ ላይ የቀዘቀዘ ኮኮናትና «ማቺ» የሚሉት ቀዝቃዛ ሻይ ጥም ይቆርጣል። ወንድ ከሆነ «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት ከሆነች «ኦብሪጋዳ» ብሎ ማመስገን ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው አከፋፈሉ ይህን ይመስላል። እሁድ ጠዋት የባህር ዳሩ አስፋልት አንዱ ጎን ለመኪና ዝግ ስለሚሆን በእግር ኮፓካባናን ከዳር እስከ ዳር ማየት፣ ከሰዓት ጨዋታ ካለ ቀደም ብሎ በሜትሮ ማራካና መግባት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደግሞ ኢፓኔማ ወርዶ ባዶ እግሩን አሸዋው ላይ የሚጫወተውን ልጅ ማየት። የጄራሉ ሰውዬ ከማራካና ቢወጣም ኳስን አልተወም፤ ልጁ እዚያ አሸዋ ላይ እየተጫወተ ነው። እሱን ለማየት ቪዛ እንጂ ትኬት አያስፈልግም። መልካም ጉዞ!